ነፋሱ ሲረግብ ውርጩ ይከተላል፤ ቀድማችሁ ንገሩን

ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች፣ በዙሪያቸውም ላለው አርሶ አደር

የተከበራችሁ የትንበያ ባለሙያዎች፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ደሴ የምኖር የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ዘመዶቼ ከፊሎቹ ኮምቦልቻ፣ ከፊሎቹ ደሴ አጠገብ ያለው ገራዶ ናቸው፤ የበጋ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ሐሳቤ ሦስት ቦታ ይከፈላል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። ደረቁ የበጋ ነፋስ የሚበረታበትን ቀን እንደምትነግሩን ሁሉ የሚረግብበትንም ቀን ቀድማችሁ ንገሩን፤ ስትነግሩንም ደሴን ለብቻ፣ ኮምቦልቻን ለብቻ አድርጋችሁ ንገሩን።

ነፋስ ቢረግብ ምን ክፋት አለው የሚል ሰው ይኖራል። ከተማ ውስጥ ለሚውል ሰው እውነቱን ነው። ነፋሱ ከጀመረ ወዲህ በፒያሳና በሰኞ ገበያ መንገድ ዳር የሚሸጡ እናቶች ከረፋድ እስከ ማታ አቧራ ሲያራግፉ ይውላሉ። የሸራ ጥላቸውን በድንጋይ ይጭኑታል። ሌሊት ቆርቆሮ ሲንኳኳ ያድራል፤ ከንፈር ይሰነጠቃል፤ የሚያስለው ልጅ ይበዛል። ነፋሱ የተኛ ቀን አንዱ «ተመስገን»፣ ሌላው «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ገራዶ ሜዳ ላይ በመስኖ የተተከለ ድንች፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ዘግይቶ ያበበ ባቄላ ላለው ሰው ግን ያ ጸጥ ያለ ማታ ከወቅቱ ማታዎች ሁሉ የሚፈራው ነው።

ምክንያቱን እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ፤ ደብዳቤው ለሕዝብም ስለሆነ በአጭሩ ልጻፈው። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስታዘነብል፣ ዝናብ የሚያመጣው የነፋሳት መገናኛ ቀጠናም ተከትሏት ወደ ደቡብ ይሄዳል። በእነዚሁ ወራት በሳይቤሪያና በዐረቢያ ምድር ላይ ከፍተኛ የአየር ግፊት ይሰፍራል። ከዚያ የሚነሣው ሰሜን ምሥራቃዊ ነፋስ በረሃ አቋርጦ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በአፋር ቆላ አልፎ የወሎን ተራራ ይገጥማል። የያዘው እርጥበት ጥቂት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ደመና አይሠራም። ቀን ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ፀሐይዋም ታቃጥላለች። ሌሊት ደግሞ መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። ደመና ቢኖር እንደ ጋቢ ሸፍኖ ሙቀቱን ያቆይላት ነበር፤ ደመና የለም። በአየር ውስጥ ያለ እርጥበትም ጥቂት ያግዝ ነበር፤ እርሱም አንሷል።

የሚቀረው ጠባቂ ነፋሱ ራሱ ነው። ነፋስ ሲኖር ከመሬት አጠገብ የቀዘቀዘውን አየር ከላይ ካለው ሞቅ ካለ አየር ጋር ያደባልቀዋል። ብርዱ የሰው ፊት ቢገርፍም ቅጠሉ ላይ ያለው ሙቀት ከዜሮ በታች እንዳይወርድ ያግዛል። ነፋሱ ሲተኛ ይህ መደባለቅ ይቆማል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ በተራራው ጎን እየተንሸራተተ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርድና እዚያው ተኝቶ ያድራል። ለዚህ ነው ተረተሩ ላይ ያለው ጎመን ተርፎ ከሥሩ ሜዳው ላይ ያለው ተቃጥሎ የሚያድረው። ይህን የገራዶ ሰው መጽሐፍ ሳይገልጥ ያውቀዋል፤ መደቡንም የሚመርጠው ይህንኑ አስቦ ነው። የማያውቀው ነፋሱ ዛሬ ማታ ይተኛ እንደሆነ ወይም እስከ ነገ ይቆይ እንደሆነ ነው። ይህን ቀድሞ ማወቅ የሚችለው የግፊት ካርታ የሚያነብ፣ ከሳተላይት የሚመጣውን መረጃ የሚከታተል፣ የትንበያ ሞዴል የሚያሠራ ተቋም ብቻ ነው።

ውርጭ የመታው ድንች ምን እንደሚመስል በቅርብ ያላየ ሰው ጉዳዩ ቀላል ይመስለዋል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ቅጠሉን ሲነኩት ድርቅ ብሎ ጣት ሥር ይሰበራል፤ ቀለሙ ግን ገና አረንጓዴ ነው። ባለቤቱ ተርፎልኛል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ብቅ ብላ መደቡን ስትነካው ቅጠሉ ይላላል፣ ውሃ ያዥጎደጉዳል፣ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል። እኩለ ቀን ሳይሞላ ይጠቁርና ግንዱ ላይ ይተኛል፤ በማግስቱ ይሸታል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ሕዋሳቱን ስላበላሻቸው ዳግመኛ ቀና አይልም። የዘር ድንች፣ የማዳበሪያ፣ የጉልበት ወጪ በአንድ ሌሊት እንዲህ ይሄዳል።

ከዚህ የከፋው ውርጩ ሳይታይ የሚመጣበት ጊዜ ነው። አየሩ እጅግ የደረቀ ሲሆን ሳሩ ላይ ነጭ አመዳይ አይጋገርም፤ አመዳይ እንዲሠራ አየሩ ውስጥ በቂ እርጥበት ያስፈልጋልና። ቅዝቃዜው ግን ያው ነው፤ እንዲያውም ሊብስ ይችላል፤ ጤዛና አመዳይ ሲሠሩ የሚለቁት ጥቂት ሙቀት እንኳ የለም። አጎቴ አንድ ማለዳ የጠቆረ መደቡን እያሳየኝ «ልጄ፣ አመዳይ ሳላይ እንዴት ውርጭ ነው ትለኛለህ?» ብሎኛል። «ጋሼ፣ ነጩ የሚታየው አየሩ ውሃ ሲኖረው ነው፤ ትናንት አየሩ ውሃ አልነበረውም» አልኩት። አላመነኝም። ከገበያ የበሽታ መድኃኒት ገዝቶ ረጨ። እርሱን የመሰሉ ብዙዎች ናቸው። ውርጭ የገደለውን ተክል በበሽታ መድኃኒት ለማዳን የሚወጣው ገንዘብ ከጉዳቱ ላይ ሌላ ጉዳት ነው። ለዚህም ትንበያው ስለ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ስለ አየሩ ድርቀትም ቢናገር ትልቅ እገዛ ይሆናል።

መከላከያ የለም እንዳይባል፣ አለ። ከሰዓት በኋላ ውሃ የጠጣ መሬት ከደረቅ መሬት የበለጠ ሙቀት ይይዛል፤ ሌሊቱን ቀስ እያለ ይለቀዋል። ችግኝ በሣር ወይም በጭድ ይሸፈናል። ለገበያ የደረሰ ጎመንና ሰላጣ በዚያው ቀን ይነሣል። እነዚህ ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። መስኖ ደግሞ ተራ አለው። ውሃው ዛሬ የማን እንደሆነ የሚወስነው የውሃ አባት ነው፤ ተራ ለመለዋወጥ ሰው መገናኘት፣ መነጋገር፣ መስማማት አለበት። ከሰዓት በኋላ 7 ሰዓት ላይ የደረሰ ማስጠንቀቂያ መደብ ያድናል። ማታ 2 ሰዓት ዜና ላይ የተሰማ ማስጠንቀቂያ ግን እውነት ቢሆንም ለገራዶ ሰው ረፍዷል፤ በዚያ ሰዓት በጨለማና በብርድ ቦይ የሚመልስ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

የነፋስን መርገብ አስቀድሞ መናገር በሌላ አገር የተለመደ ሥራ ነው። በአሜሪካ፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ አና የሚሉት ደረቅ ነፋስ አለ። ከውስጥ ካለው ደጋማ በረሃ ላይ ከሚሰፍር ከፍተኛ ግፊት ተነሥቶ በተራሮች መካከል ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይወርዳል። አየር ሲወርድ ስለሚታመቅ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል፤ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ10 በመቶ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። በታኅሣሥ መጨረሻ 2017 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ አካባቢ የተነሡትን የፓሊሴድስና የኢተን ቃጠሎዎች ያባባሰው እንዲህ ያለ ኃይለኛ ደረቅ ነፋስ ነው። የዚያ አገር የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ነፋሱ የሚነሣበትን ቀን ብቻ ተናግሮ አያቆምም። በየትኛው ሸለቆ እንደሚበረታ፣ መቼ መድከም እንደሚጀምር፣ ቀዝቀዝ ያለው እርጥብ የባሕር አየር መቼ እንደሚመለስ ይናገራል። የእሳት አደጋ ሠራተኛውም፣ የመብራት ኃይል ሠራተኛውም ዕቅዱን የሚያወጣው በዚያ ነው።

ለእነርሱ የነፋሱ መርገብ እፎይታ ነው፤ የሚተካው የባሕር አየር ነውና። ለእኛ ግን ብዙውን ጊዜ የሚተካው የራሱ የተራራው የሌሊት ብርድ ነው። ስለዚህ የመርገቡ ትንበያ ከእነርሱ ይልቅ ለእኛ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

ደሴንና ኮምቦልቻን ለዩልን የምለው ደግሞ በከተማ ኩራት አይደለም። በመኪና መንገድ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሐረጎን ጠመዝማዛውን ወርዶ መድረስ ነው። ከፍታቸው ግን እጅግ ይለያያል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ይለወጣል ቢባል ልዩነቱ 4 ዲግሪ ይሆናል። አየሩ ደርቆ፣ ነፋሱ ሲያደባልቀው በሚውልበት የበጋ ቀን ደግሞ ወደ 6 ዲግሪ ይጠጋል። ማለዳ ከደሴ ካፖርት ደርቦ የወጣ ሠራተኛ ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በር ላይ ሲደርስ ካፖርቱን በክንዱ አንጠልጥሎ ነው። ዞናችን ደቡብ ወሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚጠቃለል አይደለም። ከ3,500 ሜትር በላይ ከሚወጣው ከአምባ ፈሪት ተራራ ወርዶ እስከ ቃሉ ቆላ ያለውን ምድር «በአንዳንድ ቦታዎች» የሚል ቃል ሲሸፍነው፣ ሰሚው ሁሉ ያ አንዳንድ ቦታ የእኔ ነው ወይስ የጎረቤቴ እያለ ይቀራል።

በሙቀቱ ብቻም አይለያዩም። ኮምቦልቻ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ ተራሮች ከበዋት የተቀመጠች ስለሆነች ነፋሱ ሲተኛ ቀዝቃዛው አየር ከታች፣ ሞቃቱ ከላይ ይሆንና የከተማው ጭስ መውጫ ያጣል። የፋብሪካው፣ ከጅቡቲና ከአዲስ አበባ የሚመጣው የከባድ መኪናው፣ የየቤቱ የከሰል ጭስ እስከ ረፋድ ድረስ ከቤት ጣሪያ ብዙም ሳይርቅ ተንጠልጥሎ ይቆያል። አስም ላለበት ሰው ይህ ከነፋሱ ቀን አቧራ የማይተናነስ ፈተና ነው። ስለዚህ «ነገ ነፋሱ ይረግባል» የሚለው አንድ ትንበያ በገራዶ ድንቹን፣ በኮምቦልቻ የአስም ታማሚውን ይመለከታል። የሁለቱም ጥንቃቄ የተለያየ ነው።

ነፋሱ እንዳይተኛ የሚለምንም ሰው አለ፤ እርሱን መዘንጋት አይገባም። በኅዳርና በታኅሣሥ ቃሉና ጨፋ ላይ ማሽላና ጤፍ አውድማ ላይ ይወርዳል። በበሬ ከተወቃ በኋላ ገበሬው ምርቱን በላይዳ እያነሣ ለነፋስ ይሰጠዋል፤ እብቁ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ፍሬው እግሩ ሥር ይወርዳል። ነፋሱ የጠፋ ቀን ያልተለየው ክምር እዚያው ያድራል፤ ለሌባ፣ ለምስጥ፣ ለድንገተኛ ዝናብ ይጋለጣል። ከፊቱ ሦስት ጸጥ ያሉ ቀናት እንዳሉ የተነገረው ሰው ደቦውን ዛሬ ይጠራል።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ እንድታስቡበት ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። የነፋሱ መርገብ አንድ ዓይነት አይደለም። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አየሩ ደርቆ ከረገበ የሚከተለው ውርጭ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ደረቁ ነፋስ የሚደክመው ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል እርጥበት ያዘለ አየር ሲገባበት ነው። በቀይ ባሕር ላይ ነፋሳት ሲገናኙ የምሥራቁ ተራራ ገደል ደመና ይለብሳል፤ ሐረጎ ላይ ጉም ይወርዳል፣ ሾፌር መብራት አብርቶ በቀን ይነዳል። ያን ጊዜ ሌሊቱ ይሞቃል፣ ውርጭ አይመጣም፣ የገራዶ ድንች በሰላም ያድራል። አውድማ ላይ የተከመረው ጤፍ ግን ያለ ወቅቱ በመጣ ዝናብ ይበሰብሳል። አንዱ አረጋገብ ለደጋው መስኖ ጠላት፣ ሌላው ለቆላው አውድማ ጠላት ነው። «ነፋሱ ይዳከማል» ብቻ ተብሎ ቢነገር ሁለቱም ገበሬዎች የሚይዙትን አያውቁም። ከምን በኋላ ምን እንደሚመጣ መናገር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው መርገብ ወቅቱ ራሱ ሲያልቅ የሚመጣው ነው። ከጥር ወደ የካቲት ስንሻገር የዐረቢያው ከፍተኛ ግፊት ወደ ዐረብ ባሕር ፈቀቅ ሲልና ነፋሱ አቅጣጫውን ሲለውጥ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥበት ወደ እኛ መንገድ ያገኛል፤ በልግ ገባ እንላለን። በደሴ ዙሪያ፣ በለጋምቦ፣ በኩታበር ደጋ በልግ ተጨማሪ ዝናብ ሳይሆን ዋና ማሳ ነው፤ ገብሱ የሚዘራው በእርሱ ነው። የበልግ መቅረት ወሎ ላይ ምን እንዳደረሰ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። የእናንተም መሥሪያ ቤት ራሱን ችሎ በ1973 ዓ.ም. የተቋቋመው ያ ሐዘን ገና ከሰው ልብ ሳይወጣ ነው። ስለዚህ የወሎ ሰው ስለ ነፋስ ሲጠይቃችሁ ስለ ካፖርት አይጠይቅም። ነፋሱ መቼ ይዞራል ማለት ሞፈሩን መቼ ልጠምድ ማለት ነው።

የነፋስ አቅጣጫ ከዝናብ ውጭም ያመጣብን ነገር አለ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ቃሉን፣ ባቲን፣ ራያን ሲወርር ነፋስ ተከትሎ ነው የመጣው፤ አንበጣ የሚበረው ከነፋሱ ጋር ነውና። ሊታጨድ የደረሰ ማሽላ አገዳው ብቻ ቆሞ ቀረ። ያን ጊዜ ነፋሱ ነገ ወዴት እንደሚዞር ማወቅ ስንቱን ቀድሞ እንዲያጭድ ያደርግ እንደነበር አስባለሁ።

እሳትም አለ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል፣ እሳቱን ለማጥፋት ከውጭ አገር ድረስ እርዳታ እስኪመጣ ስንጨነቅ ከርመናል። እኛ ደግሞ ከኮምቦልቻ በላይ የጎፍ ደን አለን። ጽድና ወይራ ያለበት፣ ለከተማው ውሃና ጥላ የሆነ ደን ነው። በነፋሱ ቀን አንድ ማር ቆራጭ የጣለው ጭራሮ ለዚያ ደን በቂ ነው። በነፋሱ ቀን የማይነደድ፣ ነፋሱ በሚረግብበት ቀን ግን በጥንቃቄ ሊነደድ የሚችል ነገር ብዙ ስለሆነ፣ የመርገቢያው ቀን መታወቁ ለደኑም ይጠቅማል።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት የሚፈልግ ነገር አይመስለኝም። የአሥር ቀን ትንታኔያችሁ ውስጥ በሌሊት ከ5 ዲግሪ በታች የወረዱ ጣቢያዎች፣ ደብረ ብርሃንም ሐሮማያም፣ በስም ሲጠሩ አይቻለሁ። ያ መረጃ ያለፈውን የሚያሳይ ነው፤ ለምርምርም ለመዝገብም ያስፈልጋል። የሚቀጥለውን ሌሊት በዚያው መልክ፣ በስም ጠርታችሁ ንገሩን ነው የምለው። ኮምቦልቻ ማዕከል አላችሁ፤ ተራራውን በመስኮት የሚያዩ ባለሙያዎች አሏችሁ። እነርሱ ቢጽፉት እንዲህ ያለ ቃል ይበቃን ነበር፦

«ሰሜን ምሥራቃዊው ደረቅ ነፋስ ነገ ከሰዓት በኋላ ይዳከማል፤ ማታ ይረግባል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩ ደረቅ ይሆናል። በደሴ፣ በገራዶ፣ በቦሩ ሜዳና በመሰል ሜዳማ ቦታዎች ንጋት ላይ ውርጭ ይፈራል፤ ነጭ አመዳይ ላይታይ ይችላል። መስኖ ያላችሁ ነገ ከሰዓት በኋላ አጠጡ። በኮምቦልቻ ውርጭ አይጠበቅም፤ ማለዳ ጭስና ጭጋግ ይኖራል፣ የመተንፈሻ ሕመም ያለባችሁ እስከ ረፋድ ቤት ብትቆዩ ይመረጣል። አውድማ ያላችሁ ዛሬና ነገ እስከ ቀትር ነፋስ ታገኛላችሁ።»

ይህ በሬዲዮ ለማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ትንበያው ቢሳሳትስ የሚል ስጋት እንዳላችሁ እረዳለሁ። የተራራ ምድር ነፋስ መተንበይ ከባድ ነው፤ ሰዓቱ ሊዘገይ፣ አንዱ ሸለቆ ሊያመልጥ ይችላል። ገበሬው ግን ስህተትን ይችላል። ሳያስፈልግ ያጠጣው ድንች ውሃ ቢያባክን እንጂ አይሞትም። «ሊሆን ይችላል»፣ «በጣም ያሰጋል» የሚሉትን ደረጃዎች ለይታችሁ ብትናገሩ ሰው ራሱ ይመዝናል፤ ዕድሜ ልኩን ሲመዝን የኖረ ነው።

እናንተም፣ የደሴና የኮምቦልቻ ወገኖቼ፣ ሥራ አላችሁ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ስናቃጥል፣ በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን የፈጀውን የኅዳር በሽታ እያስታወስን ነው፤ ልማዱን አልነቅፍም። ያን ዕለት ማታ ግን ቀና ብላችሁ ጭሱን እዩት። እየተጎተተ ወደ አንድ ወገን የሚሄድ ከሆነ ነፋሱ ገና አለ። ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከጦሳ ተራራ ትከሻ በታች በአግድም ከተዘረጋና እዚያው ከቆመ ቀዝቃዛው አየር ከታች ተኝቷል፤ ገራዶ ወንድም ወይም እህት ያለው ስልክ ይደውል። በየትምህርት ቤቱ ግቢ ከመሬት ከፍ ብሎ በጥላ የተሰቀለ አንድ ቴርሞሜትርና የማለዳውን ቁጥር የሚመዘግብ ተማሪ ቢኖር፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የትኛው ሠፈር ከየትኛው እንደሚቀዘቅዝ የሚነግረን ካርታ ይኖረናል። የግብርና ባለሙያዎችም የጠቆረ መደብ ስታዩ፣ መድኃኒት ከማዘዛችሁ በፊት ያለፈው ሌሊት ምን ይመስል እንደነበር ባለቤቱን ጠይቁት፤ ነፋስ ነበረ ወይ፣ ኮከቡ ይታይ ነበር ወይ።

ወደ እናንተ ልመለስ፣ የኢንስቲትዩቱ ባለሙያዎች። መልእክቱ በምን መንገድ ይድረስ የሚለውን ከዞኑ ግብርና መምሪያ ጋር ተነጋግራችሁ ብትወስኑት ይሻላል። የእኔ ሐሳብ በአጭር የስልክ መልእክት ለየቀበሌው የልማት ሠራተኛና ለውሃ አባቶች ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት እንዲላክ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እነርሱ ያደርሱታል። ከዘንድሮው የታኅሣሥና የጥር ውርጭ በፊት ቢጀመር የመጀመሪያውን ዓመት በገራዶና በቦሩ ሜዳ ብቻ ሞክራችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከተማሪዎቼ ጋር የመዘገብነውን የማለዳ ሙቀት መጠንና የነፋስ ሁኔታ ለማዕከላችሁ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ። ቴርሞሜትሮቹ ተራ ናቸው፤ ከእናንተ መሣሪያ ጋር አስተያይቶ የሚያስተካክላቸው አንድ ባለሙያ ብትልኩልን መዝገቡ የበለጠ ይታመናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጂኦግራፊ መምህር፣ ደሴ